ባዶ ባና

ሰኞ ጧት ነው፤ መሐል ሜዳ ነፋሱ ካብ ለካብ ይዘላል፣
በረዶ የያዘው ሣጥን ትከሻዬ ላይ ይከብዳል።
ከደብረ ብርሃን በሌሊት፣ በጣርማ በር ጭጋግ መጥቶ፣
ብልቃጦቹ እንዳይሞቁ ሹፌሩ እንቅልፉን ትቶ።

ስምንተኛ ክፍል በር ላይ ሴት ልጆች ተሰልፈዋል፤
አንዷ ሳቀች፣ ሁሉም ሳቁ፤ እጅጌያቸውን ሰብስበዋል።
አሥራ ሰባተኛዋ ምንታምር፣ የእቴነሽ ልጅ።
አባቷ ጌጡ ሸማኔው
አጥሩ ጋ ቆሟል። «ነይ» አላላት፤ አላላትም «ሂጅ»።

«ሲስተር ወደርየለሽ» አለኝ፣ «እዚያ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?
ሚስቴን የበላው ነው አሉኝ። ለልጄም እሱን ልትሰጪ ነው?»

የለበሰውን ባና በጣቴ ጫፍ ነካሁ።
በሚያውቀው ልነግረው ፈለግሁ።

ያ ቫይረስ፣ ጋሽ ጌጡ፣ እንዳንተው ባና ለባሽ ነው።
አንድ ዓይነት ክር አምስት አምስቱ ተገምዶ፣
ሰባ ሁለት ቋጠሮ ሆኖ፣ ጎን ለጎን ተዛምዶ፣
ክብ ይሆናል። መወርወሪያ የለው፣ መርገጫ የለው፤
ክሩ ራሱ ነው ሸማኔው።

«ሦስት መቶ ስልሳ ክር» አለ ጌጡ፣ ሳይቸኩል።

ከሥሩ የተጠቀለለች አንዲት ደብዳቤ አለች፤
ከውጭ የማይታይ ሌላ ክር አለ፣ መንገድ መሪዋ።
በደህና ቆዳ አይገባም፤ ጭረት ይፈልጋል፣
ባለቤቷ እንኳ ያላወቀችውን ጭረት፤
እስከ ወለሉ ይወርድና
ከጠጉር በቀጠነ የስኳር ሰንሰለት ይያዛል።
እዚያ ቀስ ይላል፤ ባናውን ጥቂት ያላላል፤
የቤቱ የራሱ መቀስ መጥቶ ጠርዙን ይቆርጥለታል።
ከዚያ ሕዋሷ እንደ እንግዳ እጁን ይዛ ታስገባዋለች።
ባናውን ከመዝጊያው ኋላ ያወልቃል።
እልፍኙ ዝግ ነው። አይሰብርም፤ ይጠብቃል።
ሕዋሷ ለሁለት ስትከፈል ግድግዳው ላፍታ ይፈርሳል፤
ቤት ሲታደስ ሾልኮ የገባን እንግዳ ማን ይቆጥራል?

ከታች ሳለ አንድም ክር አይፈትልም።
ሕዋሷ ወደ ላይ ስትገፋ፣
ስታረጅ፣ ልትረግፍ ስትል፣
ያኔ ነው ሌት ተቀን የሚፈትል፤
ለሺህ ልጆቹ ሺህ ባና።
ሟቿ ትረግፋለች፣ እነሱ ለብሰው ይወጣሉ።

እዚህ ላይ አቆምኩ። የቀረውን አልነገርኩትም፤
አንዳንዴ ደብዳቤዋ ከቤቱ መዝገብ ጋር እንደምትሰፋ፣
ያኔ ባና እንደማይሸመን፣
ቤቱ ብቻ ማቆም ረስቶ እንደሚያድግ፣ እንደሚሰፋ።
እቴነሽ ሦስት ጊዜ መጥታ እንደነበርም አልነገርኩትም፤
«ይደማኛል» ስትለኝ «ብርድ ነው» ብዬ
ክኒን በወረቀት ጠቅልዬ
እንደሸኘኋት። አልጋው ነበር፤ መብራቱም ነበር፤ አላየኋትም።

«ታዲያ ይሄስ?» አለ።
ይሄ ባዶ ባና ነው፣ ጋሽ ጌጡ። የጠላ እርሾ ዘመድ
ክሩን ፈትላ ሰጠችን፤ ክሩ ራሱን ሸመነ።
ውስጡ ደብዳቤ የለም። ለባሽ የለም።
የሌባ ባና አጥርህ ላይ ብትሰቅል ውሻህ ምን ይላል?
«ይጮሃል» አለ።
ሌባው ራሱ ለብሶት ሲመጣስ?
ጌጡ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ውሻዬ
ሽታ አይረሳም» አለ፤
አንገቱን ወደ ልጁ ነቀነቀ።

መርፌው ገባ፣ ወጣ። ጥጥ ይዛ እያየችኝ፣
«ባዶ ከሆነ ለምን ያማል?» ብላ ጠየቀችኝ
ምንታምር። ዓይኗ የእናቷ ነው።
መልስ አጣሁ።

ጌጡ ባናውን አወለቀ፣
የሰውነቱን ሙቀት እንደያዘ ትከሻዋ ላይ ጣለው፤
በስስ ሸሚዙ ነፋሱ ውስጥ ቆሞ ቀረ።
እኔም መዝገቡ ላይ ስሟን ጻፍኩ፣
«የእናት ስም» የሚለው መስመር ላይ እጄ ዘገየ፤
ከኋላዋ ያለችው ልጅ እጅጌዋን ሰብስባ ትጠብቀኛለች።